ለፈረስ የደም ጥገኛ የትኛውን እንግዛ? ዲሚናዚን፣ ሲሜላርሳንና አይሶሜታሚዲየም በንጽጽር

ፈረስዎ የአርሲ ወይም የባሌ ደጋ ከሆነና ሐኪሙ የጠረጠረው ዶሪን የተባለውን የፈረስ በሽታ ከሆነ፣ ዲሚናዚን ለመግዛት አይቸኩሉ። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ 2.36 ግራም የሚይዘው ከረጢት 300 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ይበቃል፤ በቆላ ዝንብ ከሚመጣው ገንዲም ብዙ ከብት አድኗል። ዶሪን ግን ዝንብ አያስፈልገውም፤ ከድንጉላ ወደ ባዝራ፣ ከባዝራም ወደ ድንጉላ በስሪያ ይተላለፋል።

ከዶዶላ አካባቢ ፈረሶች የተወሰደው ጥገኛ በአይጦች ላይ ሲፈተን፣ ዲሚናዚን ከተለመደው 3.5 ሚሊ ግራም በኪሎ ተነሥቶ እስከ 28፣ ማለትም እስከ ስምንት እጥፍ ቢሰጥም አንዷንም አላዳነም። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያው ጥናት ሲሜላርሳን 0.25 እና 0.5 ሚሊ ግራም በኪሎ የተወጉት ፈረሶች ድነዋል፤ በ320 ቀን ክትትልም በሽታው አላገረሸባቸውም።

እኔን ያሳመነኝ የክትትሉ ርዝመት ነው። የዶሪን ጥገኛ በደም ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ በብልት አካባቢ ባለው ሥጋና ቆዳ ይሸሸጋል። ስለዚህ መድኃኒት በተሰጠ ማግስት ደሙ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ከእንስሳ ውጭ በብልቃጥ ውስጥ የሚደረግ ፈተናም መድኃኒቱ ጥገኛውን መግደሉን እንጂ መሸሸጊያው ድረስ መዝለቁን አያሳይም። የአይጥ መጠን ደግሞ ለፈረስ እንዳለ አይወሰድም፤ አይጥ መድኃኒቱን ከሰውነቷ ቶሎ ታስወግዳለች።

ሲሜላርሳንም እንከን አለው። አርሴኒክ ያለበት፣ በዋናነት ለግመል የተሠራ መድኃኒት ስለሆነ ያለ ሐኪም አይነካም፤ እንደ ዲሚናዚንም በቀላሉ አይገኝም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እንደሚያስጠነቅቀው፣ ታክሞ የዳነ የሚመስል ፈረስ ጥገኛውን ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል። ድንጉላ ከሆነ፣ ቢሻለውም ከባዝራ ያርቁት።

አይሶሜታሚዲየም የሚጠቅመው የቆላ ዝንብ ባለበት በጊቤና በዲዴሳ ሸለቆ ለሚሠሩ እንስሳት ነው፤ ከማከሙ በላይ ለወራት ከገንዲ ይከላከላል። ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ ስለሚወጋ የተወጋው ቦታ ሊያብጥ ይችላል።

የትኛውንም ቢገዙ የፈረሱን ክብደት በደረት ዙሪያ ልኬት ያስገምቱ። ከረጢቱን ለሁለት ፈረስ ማካፈል መጠኑን ስለሚያሳንስ ጥገኛውን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል።