ለልሙጥ ኬክ የቅቤ ክሬም ወይስ የተመታ ክሬም?

ቤት የተጋገረ ኬክ ጎኑም አናቱም ልሙጥ እንዲሆን ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ያለ ማመንታት የቅቤ ክሬምን እመርጣለሁ። ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 250 ግራም ከግማሽ ኪሎ የላመ ዱቄት ስኳር ጋር ነጣ እስኪል ይመታል። (ለወጥ የተነጠረ ቅቤ ፈጽሞ አይሆንም፤ የቅመሙ ሽታ አይለቅም።)

ትልቁ ብልጫው ጊዜ መስጠቱ ነው። መጀመሪያ ስስ ሽፋን ተቀብቶ ፍርፋሪውን ይይዛል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲጠነክር ዋናው ሽፋን ይደረባል። ቀጥ ያለ የብረት መጥረጊያ ጎኑ ላይ አቁሞ መያዝና ኬኩን ማዞር ነው፤ የሚዞረው ኬኩ እንጂ እጅ አይደለም። የጎደጎደ ቦታ ከታየ ተሞልቶ እንደገና ይጠረጋል። በመጨረሻ ብረቱን በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ በደንብ አድርቆ፣ በስሱ ማሳለፍ ነው፤ የቅቤው ገጽ ለቅጽበት ቀለጥ ይልና እንደ መስታወት ይለሰልሳል።

የተመታ ክሬም፣ ማለትም እስኪወፍር የተመታ የወተት ክሬም፣ ጣፋጭነቱ መጠነኛ ነው፤ አፍ ላይም ይቀላል። ነገር ግን መነካካት አይወድም። ብረቱ በተመላለሰበት ቁጥር ስቡ እየተቋጠረ ገጹ ይሻክራል። ስለዚህ ሳህኑም መምቻውም ቀዝቅዘው፣ ጫፉ መቆም ሲጀምር መምታቱን ማቆም፣ በጥቂት ምት ቀብቶ መተው ያስፈልጋል። ፍራፍሬ ላለበትና በዕለቱ ለሚበላ ኬክ እሱን እመርጣለሁ።

ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ግን ሁለቱም እስከ መቁረጫው ሰዓት ድረስ ከማቀዝቀዣ ባይወጡ ይሻላል።