የዲኤንኤ ምርመራ ለሐበሻ፦ ምን ይናገራል፣ ምን አይናገርም

የዘር ሐረጌ ከቤተ እስራኤል ነው ወይስ ከዓረብ ብሎ የዲኤንኤ ምርመራ የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ቢያቆየው ይሻላል። ከታወቁት ሦስቱ መርማሪ ድርጅቶች፣ አንሴስትሪ፣ ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ እና ማይሄሪቴጅ፣ አንዳቸውም ሃይማኖትን ከደም አያነቡም። ዘመድ ለማፈላለግ ግን ይጠቅማሉ።

ናሙና ሲሰጥ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምራቅ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስና ማስቲካ ማኘክ አይፈቀድም፤ ቡናም ከመጠጥ ይቆጠራል። ብልቃጡ ላይ ካለው መስመር መድረስ ያለበት ምራቁ እንጂ አረፋው አይደለም። ማይሄሪቴጅ የጉንጭን ውስጥ በጥጥ ዘንግ ያሻል፤ አፋቸው ለሚደርቅ አዛውንት የሚመቸው እሱ ነው፣ የጥጡ ጫፍ በእጅ ካልተነካ። በአንድ ቤት ብዙ ሰው ሲመረመር እያንዳንዱ ብልቃጥ ከመላኩ በፊት በባለቤቱ ስም ይመዝገብ። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ከበቃ ቅድሚያው ለአያት ይሁን፤ የልጅ ልጅ ከእያንዳንዱ አያት የሚደርሰው ሩብ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዘር ድርሻን የሚያሳየው መቶኛ ላይ ነው። በማይሄሪቴጅ የቀድሞ ስሌት ለብዙ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ «የኢትዮጵያ አይሁድ» የሚል ውጤት ይወጣ ነበር። ይህን አይቶ አይሁዳዊ ቅድመ አያት ተገኘልኝ ያለም፣ የደነገጠም አለ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ናሙናውን በእጁ ካሉት የማነጻጸሪያ ቡድኖች ጋር አስተያይቶ የቅርቡን ስም መስጠት ነው። ቤተ እስራኤል ደግሞ በዘረመል ከአማራና ከትግራይ ጎረቤቶቻቸው ጋር እጅግ እንደሚቀራረቡ ከታወቀ ቆይቷል። የማነጻጸሪያ ቡድኖቹ ሲታደሱ መቶኛው ይለወጣል፤ የሰውየው ደም ግን ያው ነው።

የመቀራረቡ ምክንያት ጥንታዊነቱ ነው። በጋሞ ደጋ ከሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም ዘረመሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን፣ ዛሬ በደገኞች ላይ በስፋት የሚታየው ከምዕራብ እስያ የመጣ ድርሻ አልተገኘበትም፤ ከዛሬዎቹ ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው ለአሪ ነው። ያ ድርሻ የገባው ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደሆነ ይገመታል። ኢዛና የተጠመቀው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አክሱም የገቡት በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ድብልቁ ከሁለቱም ይቀድማል። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ አንዱ መስጊድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ለዘመድ ፍለጋ ምርጫችን አንሴስትሪ ነው፤ ከ25 ሚሊዮን በላይ ተመርማሪ አለው። ከእኛ ወገን የተመረመረው ጥቂት ስለሆነ ግን የሩቅ ዘመድ ብቻ ቢወጣ አይገርምም። ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ የሚለካበት ሳንቲሞርጋን ይባላል፦ ወላጅና ልጅ 3,400 ገደማ፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ 850 ገደማ ይጋራሉ። ከ20 በታች ያለውን ማሳደድ ድካም ነው፤ በተለይ ለዘመናት እርስ በርሱ በተጋባ ማኅበረሰብ ትንንሽ ቁራጮች ተደማምረው ዝምድናውን ያጋንኑታል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በስም መፈለግም አያዋጣም። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ካለ የአያቶቹን ስም፣ የክርስትናውንም ጭምር፣ የትውልድ መንደሩንም ጽፎ ገጹ ላይ ማስፈር ከመቶኛው ይበልጣል።

የእናትና የአባት መስመር ለሚፈልግ ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ይሻላል፤ ሴት የምታገኘው የእናቷን ብቻ ስለሆነ ለአባት መስመር ወንድሟን ታስመርምር።

ለአሜሪካ ቤተሰብ ማገናኛ ከሦስቱ የአንዳቸውም ውጤት አይሠራም። ኤምባሲው የሚቀበለው ላቦራቶሪዎችን ከሚገመግመው ኤኤቢቢ (AABB) ከተባለ ማኅበር ዕውቅና ካለው ላቦራቶሪ በቀጥታ የሚላክለትን ነው። ፈረንሳይ የሦስቱን ዓይነት የዘር ሐረግ ምርመራ በሕግ ከልክላለች፤ እስራኤልም በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ስለምትገድበው፣ እዚያ ያለ ዘመድ ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ።

የሁላችንም ስጋት ምስጢር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ሲወጣ፣ ለሽያጭ ከቀረቡት ዝርዝሮች አንዱ በአሽከናዚ አይሁድነት የተለየ ነበር። ድርጅቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፣ ከዚያም ባለቤቱ ተቀየረ። ብሔርና ሃይማኖት ሰውን በሚያስጠቃበት አገር ዘመድ ያለው ሰው ስሙን በምኅጻር ይመዝገብ፣ የዘመድ ዝርዝሩን ከሚያስፈልገው ጊዜ ውጪ ይዝጋ፣ ውጤቱ እንደመጣም የዲኤንኤውን ጥሬ ፋይል አውርዶ የተቀመጠው ምራቅ እንዲወገድ ከቅንብሩ ውስጥ ይዘዝ።