ለጓሮ አትክልት የቱን ልግዛ? የዶሮ ሽቦ፣ ሜሽ ወይስ መረብ

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም እንጦጦ ሥር ጓሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። በበጋ ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ ውኃ የምታጠጡት መደብ ብቻ ለምለም ሆኖ ይቀራል። አውሬውም ወፉም ወደዚያው ነው የሚመጣው።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን የሚበላባችሁን እወቁ። ድንቹ ሌሊት ተቆፍሮ፣ ግማሹ ተገምጦ ካደረ ጃርት ነው። አንዳንዴ እሾኩን ጥሎ ይሄዳል። የሰላጣው ቅጠል ቀን በቀን ከተቦጫጨቀ ደግሞ ወፍ ነው። በተለይ ያቺ ጅራተ ረጅም ቡናማ ወፍ በመንጋ መጥታ መደቡን ታራቁተዋለች።

ለጃርት ብዙ ሰው አጥሩን ከፍ ያደርጋል። ጃርት ግን አይዘልም፤ ይቆፍራል። አንድ ሜትር ቁመት ይበቃል። ዋናው ሥራ ከመሬት በታች ነው፦ ሽቦውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቅበሩት፣ ጫፉንም ወደ ውጭ እጠፉት።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት የዶሮ ሽቦ ነበር። ርካሽ ነው፣ ለመወጠርም ይቀላል። ግን ቀጭን ነው፤ ጃርት በጥርሱ ይበጥሰዋል። እርጥብ አፈር ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። በሁለተኛው ክረምት ሽቦው ከሥሩ በዝገት ተበልቶ ድንቼ አለቀ። ልፋቴ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲሄድ አንጀቴ ነው ያረረው። ወፈር ካለ ሽቦ የተሠራው ሜሽ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ይችለዋል። አቅም ካነሰ የሚቀበረውን ሜሽ፣ ከላይ ያለውን የዶሮ ሽቦ አድርጉት።

ቆርቆሮ ጃርትን ያግዳል፣ ግን ጥላው መደቡን ፀሐይ ይከለክለዋል።

ጦጣ ለሚመጣባችሁ አጥር አይመልሰውም፤ ውሻ ይሻላል። መርዝ ግን በፍጹም አታስቀምጡ። የጎረቤት ውሻም፣ ጅቡም፣ አሞራውም ያልቃል።

ለወፍ መረብ ግዙ። የሚንጠለጠል ሲዲና ማስፈራሪያ ለጥቂት ቀን ነው፤ ወፏ ትለምደዋለች። የመረቡ ቀዳዳ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ቅጠሉን ሳይነካ ወጥሩት፤ ከላላ ወፎች ተጠላልፈው ይሞቱበታል። ደግሞ የኛን በረዶ አትርሱ። በረዶው መረቡ ላይ ሲከማች ቋሚውን ሳይቀር ይሰብራል። ስለዚህ አንዱን ጎን በቀላሉ በሚፈታ ገመድ እሰሩት፣ ሰማዩ ሲጠቁር ጠቅልላችሁ እንድታነሱት።