ለየካ አባዶው ጠጋኝ ወንድማችን የቀረበ ምስጋና

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ሞባይል የሚጠግነውን ወጣት ባለሙያ፣ የልጆቼን የጌም ቦይ ከለር (በእጅ ተይዞ ጌም የሚጫወቱበት መሣሪያ) የመጫኛ ቁልፎች ስለቀየረበት ጥንቃቄ በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ። ስሙ እንዳይጻፍ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አክብሬያለሁ።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ የቀረበ፣ መመረቱን ካቆመም ከ20 ዓመት በላይ የሆነው የጃፓኑ ጌም አምራች የኒንቴንዶ ሥሪት ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሜ ተጫውቶበት ለልጆቼ ያወረሳቸው በመሆኑ በቤታችን በሌላ ዕቃ የሚተካ አይደለም። የ«ኤ» ቁልፉ ተሰንጥቆ ነበር፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው የአቅጣጫ ቁልፍ ደግሞ ወደ ግራ ሲጫኑት አይሠራም። ቀደም ሲል ያሳየነው ሌላ ጠጋኝ ቦርዱ (የውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ስለተቃጠለ አይሠራም ብሎ መልሶናል።

ይህ ወንድማችን ግን ከፍቶ ሳያይ አልፈረደም። የጀርባ ሽፋኑ ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ራስ ስላላቸው፣ በተራ ካቻቢቴ ታግሎ ከሚልጣቸው ይልቅ ትክክለኛውን እስኪያገኝ ድረስ ሥራውን አቆየው፤ እኔ ከሁሉ በላይ ያከበርኩለት ይህንን ነው። ከከፈተውም በኋላ፣ ከፕላስቲኩ ቁልፍ ሥር ያለው ጎማ በጥቁሩ የካርቦን ጫፉ የቦርዱን መስመሮች ሲያገናኝ ትእዛዙ እንደሚተላለፍ፣ የእኛም ችግር በመካከል የተጋገረው ቆሻሻ እንጂ የቦርዱ መቃጠል አለመሆኑን ለልጆቹ ጭምር እያሳየ አስረዳን። ቦርዱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ሲያጸዳ፣ ካርቦኑን ግን እንዳይላጥ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጠረገው። እህቴ ከውጭ ከላከቻቸው አዳዲስ ቁልፎች አንዱ ተጭኖ ቶሎ አልመለስ ሲለው፣ በጠርዙ ላይ የቀረውን ትርፍ ፕላስቲክ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካከለለት። አሮጌው ጎማ ደህና ስለነበር አዲስ መግዛት እንደማያስፈልገን ነገረን፤ ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ በራሱ ፈቃድ የሚቀንስ ባለሙያ ሊመሰገን ይገባዋል። ዋጋውንም አስቀድሞ ነግሮን፣ ሲጨርስ ምንም አልጨመረበትም።

አሮጌ የእጅ ጌም ያላችሁ ሁሉ ወደ እሱ እንድትሄዱ ከልብ እመክራለሁ። መለዋወጫ ስለማይሸጥ ቁልፎቹን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጌም ቦይ ከለርና የጌም ቦይ አድቫንስ ቁልፎች ስለማይተካኩም ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን አረጋግጡ።