የካራኦኬ ክፍል ለቡድን ግብዣ፦ ምግቡና ማይኩ ሲስማሙ

ለአጭር ጊዜ አገር ቤት የገባ ሰው ዘመድ ወዳጁን በአንድ ምሽት ለማግኘት የካራኦኬ ክፍል (ግጥሙን ከስክሪን እያነበቡ በማይክ የሚዘፍኑበት) ቢከራይ ያዋጣዋል። በዚህ ጉዞ የተጠቀምንባቸውን ክፍሎች ጥሩና መጥፎ ያደረጋቸው የዘፈኑ ብዛት አይደለም፤ ምግቡ የሚቀርብበት ሰዓት ነው።

ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። አንድ ዘፈን 4 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ማይክ ለመቀባበል 1 ደቂቃ ጨምሩበት። በ3 ሰዓት 36 ዘፈን ይደርሳል ማለት ነው። ለመብላት 40 ደቂቃ ስትቀንሱ 28 ይቀራል። 15 ሰው ከሆናችሁ ሁለት ሁለት እንኳ አይደርሳችሁም። ስለዚህ ወይ አንድ ሰዓት ጨምሩ፣ ወይ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ዝፈኑ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተያዘበት ነው ወይስ ከገባችሁበት? ይህንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰው ተንጠባጥቦ ስለሚመጣ መጀመሪያ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ፣ በስንጥር የሚነሣ ነገር ይቅረብ። ዋናው ምግብ ከገባችሁ አንድ ሰዓት ሲሞላ ይግባ፤ ማይኮቹ ይጥፉ፣ ሙዚቃው ለስለስ ይበል። ምግብና ዘፈን አንድ ላይ ሲሄዱ ዘፋኙን የሚሰማው የለም፤ ተራው የደረሰውም ሰው ሳህኑ ይቀዘቅዝበታል። ትኩስ ምግብ ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ ከሥሩ የሚያሞቅ መያዣ አስመጡ፤ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ አይታመንም። ጠረጴዛው በዘፋኙና በስክሪኑ መካከል አይሁን።

ዘይት የነካው እጅ ማይክ አይያዝ። ቅባቱ የማይኩን ራስ የሚሸፍነውን ወንፊት ስፖንጅ ሲደፍነው ድምፁ ይታፈናል። እርጥብ ፎጣ ከሳህኑ ጋር አብሮ ሲመጣ ቤቱ ሥራውን እንደሚያውቅ ይገባችኋል። የስፖንጅ መቀየሪያም ጠይቁ፤ አፍ የሚጠጋው ነገር ነው።

ማይኩ ሲያፏጭ ሁሉም ማሽኑን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአያያዝ ነው። አብዛኛው የዘፈን ማይክ የተሠራው ከፊት ያለውን ድምፅ እንዲቀበል፣ ከኋላ የሚመጣውን እንዲቀንስ ነው። ይህን የሚያደርገው ከወንፊቱ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ዘፋኙ ወንፊቱን በመዳፉ ሲጨብጠው ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ማይኩም ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። የስፒከሩ ድምፅ ማይኩ ውስጥ ገብቶ ተጎልብቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ፉጨቱ ይኸው ነው። እንግዲህ እጀታውን ብቻ ያዙ፣ ስፒከር ፊት አትቁሙ። ፉጨቱ ካልቆመ የማይኩን ድምፅ ትንሽ ቀንሱ።

ኢኮ (የድምፅ ማስተጋባት) ሲበዛ ቃላቱ ይዋጣሉ፤ አስተናጋጁ ከፍ አድርጎ ከተወው ዝቅ አስደርጉት። ካራኦኬ በጃፓንኛ «ባዶ ኦርኬስትራ» እንደማለት ነው፤ ባዶውን የሚሞላው ዘፋኙ ነውና ድምፁ ከሙዚቃው ጥቂት በላይ ይሰማ። ዘፈኑ ከድምፁ በላይ ከፍ ያለበት ሰው ማሽኑ ላይ ባለው የቃና ቁልፍ ሁለት ሦስት ደረጃ ያውርደው፤ ፍጥነቱ አይለወጥም። የምትፈልጉት ዘፈን ማሽኑ ላይ ጠፍቶ ከስልክ የምትከፍቱ ከሆነ በገመድ አገናኙ፤ በብሉቱዝ ሙዚቃው ከስክሪኑ ግጥም ኋላ ሊቀር ይችላል። ገመድ አልባ ማይክ ከሆነ መለዋወጫ ባትሪ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲዳከም ድምፁ ይቆራረጣል።

ወረፋውን የሚይዝ አንድ ሰው ሹሙ፤ ያለ እሱ ሁለት ሦስት ደፋሮች ማይኩን ይወርሱታል። ሊጠናቀቅ 20 ደቂቃ ሲቀረው ወረፋው ይዘጋና ሁሉም የሚያውቃቸው ዘፈኖች ይከፈቱ። እስከዚያ ድረስ «እኔ አልችልም» ብለው የተቀመጡት የሚነሡት ያኔ ነው።