ያለ ሪፈር የገባሁበት የደሴ ፊዚዮቴራፒ

ወገብ የምትታመሙ ልጆች አብሽሩ፣ ይቺን አንብቧት። የክሊኒኩን ስም ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ትቼዋለሁ።

ባጃጅ ነው የምነዳው፣ የደሴን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ነሐሴ ላይ ለደንበኛ አንድ ኩንታል ጤፍ ላወርድ ስል ወገቤ ቀጭ አለና ከዛ ቀን ጀምሮ ቀኝ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይነዝረኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሐኪም ሳያይህ ፊዚዮ (በእንቅስቃሴና በእሽት የሚያክመው ባለሙያ) ጋ አትገባም አሉኝ፣ ካርድ፣ ወረፋ፣ ነገ ና፣ በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ አይቶኝ ማስታገሻ ፅፎ ሸኘኝ፣ ሪፈሩን፣ ማለትም ወደ ፊዚዮ የሚልከኝን ወረቀት፣ ሳምንት ና አለ። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ እንሂድ ትላለች። ወጌሻ ጋ ማንም ሪፈር አይጠይቅም እኮ፣ ተምሮ ዲግሪ የያዘው ጋ ለመግባት ነው ወረቀት የሚፈለገው 😂

ይሄኛው ጋ በቀጥታ ገባሁ። ፊዚዮ የሚሰራው ልጅ ሳይነካኝ በፊት ቁጭ አድርጎ ጥያቄ አወረደብኝ፣ ሽንት አምልጦህ ያውቃል? መቀመጫህ አካባቢ ደንዝዞሃል? ትኩሳት አለህ? ከስተሃል? ሌሊት ያልብሃል? ይሄ ሁሉ ለወገብ ነው ወይ ስለው፣ የጀርባ አጥንት ቲቢም ወገብ ያማል፣ ሽንት የሚያስለቅቅ የነርቭ መጨፍለቅ ከሆነ ደግሞ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ነው አለኝ። ከዛ በትንሿ መዶሻ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ፣ እግሬን ቀጥ አድርጎ አንስቶ አየ።

ልቤን ያሸነፈው ግን ሌላ ነው። ከሐይቅ የመጡ አንድ እናት ወድቀው ዳሌያቸውን ይዘው ገቡ፣ እሹኝ ብለው። "እማማ አላሽዎትም፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሱ" ብሎ ራሱ ወረቀት ፅፎ ብር ሳይቀበል ላካቸው። ሪፈር የሚፅፈው እሱ ሆነ ማለት ነው።

ኒውዮርክ ያለችው እህቴ እዛም በቀጥታ ይገባል፣ ግን 10 ጊዜ ወይ 30 ቀን ከሞላ የሐኪም ትእዛዝ ይጠይቃሉ አለችኝ። አሜሪካ 50ውም ስቴት ፈቅዷል፣ ገደቡ ነው የሚለያየው። ለኔ ቀን ከመቁጠር "ይሄ የኔ አይደለም" የሚል ባለሙያ ይሻለኛል።

6 ጊዜ ሄድኩ፣ ማሽኑ ብዙም አይደለም፣ ዋናው ቤት የሚሰራው እንቅስቃሴ ነው፣ በሆድ ተኝቶ በእጅ ቀና ማለት፣ ባጃጅ ላይ ደግሞ ከወገቤ ኋላ የታጠፈ ጋቢ። ንዝረቱ አሁን ከጉልበቴ አይወርድም።

ቅሬታ? ሂሳቡን ከኪስ ነው፣ እኔ ያለኝ የጤና መድን ከጤና ጣቢያ ተልኬ ካልሄድኩ አይከፍልም፣ ስለዚህ ብር የሌለው ሰው ያው ወረፋው ላይ ነው። መብራት ሲጠፋም ቀጠሮ ይዛነፋል። ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው ሊፍት የለውም፣ ወገብ ለሚያመው ሰው! ስነግረው "እሱንም ከስፖርቱ ቁጠረው" ብሎ ሳቀብኝ።