የተዳቀለ ፕሪም ወይስ ከዘር የበቀለ? ደሴ ላይ ችግኝ ለምትገዙ

ፕሪም ጓሮው ሊተክል ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዘር የበቀለው ችግኝ ርካሽ ነው፤ የተዳቀለው ላይ፣ ማለትም የተመረጠ ፕሪም ቅርንጫፍ ሌላ ሥር ባለው ችግኝ ግንድ ላይ በተጣበቀበት ላይ፣ ሻጩ እጥፍ ድርብ ይጠራል። እኔ አምስት እጥፍ ቢጠራ እንኳ የተዳቀለውን ግዙ ባይ ነኝ። ጉድጓዱ፣ ፍጉ፣ አጥሩ ለሁለቱም እኩል ያስወጣል። የተዳቀለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ሲያፈራ የዘሩ አምስት፣ ስድስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ያኔም ፍሬው እናቱን ላይመስል ይችላል። ጎምዛዛ ከሆነ ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ግንዱን እዩ። በትክክል የተዳቀለ ችግኝ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያበጠ ወይም ሰያፍ ጠባሳ አለው፤ ከጠባሳው በላይና በታች ያለው ቅርፊትም ብዙ ጊዜ ይለያያል። በዘር ችግኝ ላይ ፕላስቲክ ጠምጥሞ «የተዳቀለ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ፕላስቲኩን አስፈቱት። ከፕላስቲኩ ሥር ያለው ግንድ ለስላሳና ቀጥ ያለ ሆኖ ከተገኘ ከዘር ችግኝ ዋጋ በላይ አንድ ብር አትጨምሩ። እምቢ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

«ብርድ የሚችል» የሚለውም ያሞኛል። በረዶ የሚቋቋመው የአውሮፓ ፕሪም በደንብ ለማበብ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ 700 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርድ ይፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ብርዷ የሌሊት ነው፤ ሌሊት የተጠራቀመውን የቀን ፀሐይ ያፈርሰዋል። ዛፉ አይሞትም፤ ቅጠል ብቻ ይዞ ይቆማል እንጂ። ስለዚህ ትንሽ ብርድ የሚበቃቸውን፣ ሜትሌይ ወይም ሳንታ ሮዛ የተባሉትን የፕሪም ዝርያዎች ጠይቁ። ሜትሌይ ብቻውን ስለሚያፈራ የሁለተኛ ችግኝ ወጪ ያስቀራል፤ ለኔ ምርጫው እሱ ነው። ሳንታ ሮዛ ሌላ ዓይነት ፕሪም በአቅራቢያው ሲኖር ይበልጥ ያፈራል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ለአብዛኛው ፕሪም ይሞቃል፤ ብራችሁን ብዙ ብርድ በማይፈልግ ኮክ ላይ አውሉት።

ክረምቱ ሲገባ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ የላይኛውን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጉብታ ሠርታችሁ ትከሉ፤ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል። ጠባሳው ከአፈር ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከጠባሳው በታች የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ገና ለጋ ሳለ ቁረጡ። ሥሩ ብዙ ጊዜ የኮክ ነው፤ ከተተወ ፕሪሙን አቀጭጮ ገበያ ላይ በርካሽ የምታገኙትን ኮክ ያወጣላችኋል።